ባልዶክን ዛፍ አልወለዳትም

ባልዶክ ከለንደን በስተሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በሃርትፎርድሸር የኖራ ኮረብታዎች ግርጌ የተቀመጠች አነስተኛ የገበያ ከተማ ናት። ዙሪያዋ የገብስና የስንዴ አገር ነው። ማሳው ኦገስት ላይ ወርቅ ይመስላል፤ አዝመራው ተነሥቶ ሲታረስ ደግሞ ከሥር የወጣው ኖራ አፈሩን ያነጣዋል። በገብሷም ለዘመናት ብቅል ስታበቅልና ቢራ ስትጠምቅ ኖራለች።

ስሟ ከየት እንደመጣ የጠየቀ እንግዳ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ አጭር ነው። በእንግሊዝኛ «ባልድ» ማለት መላጣ፣ «ኦክ» ደግሞ ያው የታወቀው ዛፍ፤ ቅጠሉ የረገፈ አሮጌ ኦክ ቆሞ ነበርና ከተማይቱ በእሱ ተጠራች፣ አለቀ። ለልጅም ይገባል። ችግሩ፣ ይህን የሚያወሩ ሰዎች ስለ ዛፉ እንጂ ስለ ከተማይቱ ልደት ጠይቀው አለማወቃቸው ነው።

ድል አድራጊው ንጉሥ ዊልያም በ1086 (እ.ኤ.አ.) አገሩን ያስቆጠረበት የዱምስዴይ መዝገብ ርስቱን፣ ወፍጮውንና የእርሻ በሬውን ሳይቀር ይዘረዝራል። ጎረቤቷ ዌስተን እዚያ ላይ አለች። ባልዶክ የለችም፤ ገና አልተቆረቆረችማ! እርግጥ በሮማውያን ዘመን በዚሁ ስፍራ ሰፊ መንደር ነበር፤ ቁፋሮም አውጥቶታል። ከዚያ መንደር ወደ ዛሬዋ ከተማ የተሻገረ ስም ግን የለም።

ከተማይቱ የተወለደችው በ1140ዎቹ ነው። የፔምብሮክ ኤርል ጊልበርት ደ ክሌር ከዌስተን ርስቱ ቆርሶ ለቴምፕላር ባላባቶች፣ ማለትም መነኩሴም ወታደርም ለነበሩት የመስቀል ጦረኞች ሰጠ። ይህን የሚያስረዳው ሰነድ ትንሽ ቆይቶ የመጣ ነው። ዊልያም ማርሻል የጊልበርትን የልጅ ልጅ ኢዛቤልን በ1189 አግብቶ የርስቱ ጌታ ሲሆን፣ የአያቷን ስጦታ በላቲን በተጻፈ ቻርተር አጸደቀ። ባላባቶቹ በዌስተን መሬት ላይ ከተማ መቆርቆራቸውንና ስሟም ባውዳክ መሆኑን ይኸው ቻርተር ይናገራል።

ባውዳክ ወይም ባልዳክ፣ የዘመኑ ፈረንሳዮች ባግዳድን የሚጠሩበት ስም ነው። የእንግሊዝ ቴምፕላሮችም የሚነጋገሩት በፈረንሳይኛ ነበር። እንግዲህ መላጣውን ኦክ ማን ያመጣዋል? በእንግሊዝኛ የሚናገር ጥንታዊ መንደር ቢሆን ኖሮ የዛፉ ነገር ያስኬድ ይሆናል። ሰዎቹ ግን ከባሕር ማዶ ዓለም ጋር የተሳሰሩ፣ ባዶ መሬት ላይ ከተማ ቆርቁረው ስም ያወጡ ባላባቶች ናቸው።

ባላባቶቹ ባግዳድን ማርከው ስሟን ይዘው ተመለሱ የሚልም አይጠፋም። ይህ ከዛፉም የባሰ ነው፤ አንድም የመስቀል ጦር ባግዳድ አልገባም። ባግዳድ በአውሮፓ የታወቀችው በሐሯ ነው። ዛሬ በቤተ ክርስቲያን መሠዊያ ላይ የሚዘረጋው ድባብ በጣልያንኛ ባልዳኪኖ የሚባለው ከባግዳድ ይመጣ በነበረው ውድ ጨርቅ የተነሣ ነው። ስለዚህ ስሙ የዝና ስም ነው፤ አዲሲቱ ገበያ እንደዚያች ትደምቅ ዘንድ የተመኙበት። ምኞቱም መሠረት ነበረው። ቦታው ከለንደን ወደ ሰሜን የሚወጣው ታላቁ መንገድ ጥንታዊውን የኢክኒልድ ጎዳና የሚያቋርጥበት ነው። ንጉሥ ጆን በ1199 የገበያና የዓመታዊ የንግድ ትርዒት ፈቃድ ለባላባቶቹ ሰጣቸው። ከተማይቱ ዛሬም ለገበያ የተዘረጋውን ሰፊ ዋና ጎዳናዋን እንደያዘች ናት።

የስሙ አጻጻፍ ከዚያ ወዲያ ብዙ ተንገላቷል። የማስታወሻው ጸሐፊ ሳሙኤል ፒፕስ በኦገስት 1661 መንገዱ አበላሽቶት እዚህ ሲያድር «ባልድዊክ» ብሎ ጽፏታል። የእንግዳ ማረፊያዋ ባለቤት ቆንጆ ብትሆንም ባሏ ቤት ስለነበረ ቀና ብሎ ሊያያት እንዳልደፈረም አልደበቀም። በፒፕስ አጻጻፍ ላይ ሦስተኛ ተረት አለመፈጠሩ ያስገርማል።

ተረት ለሚወድ የሚሻል አለ። የዌስተኑ ግዙፍ ጃክ ኦሌግስ ከሀብታም ዘርፎ ለድኻ ሲሰጥ የባልዶክ ዳቦ ጋጋሪዎች ያዙት፤ ዓይኑን አጥፍተው ሊሰቅሉት ሲሉ የመጨረሻ ቀስቱን እንዲወረውርና በወደቀበት እንዲቀበር ለመነ። ቀስቱ ዌስተን ቤተ ክርስቲያን ዘንድ ወደቀ፤ መቃብሩ ነው የሚባልባቸው ሁለት ድንጋዮችም ተራርቀው እዚያ ቆመዋል። ከኦኩ ወሬ ይልቅ ይህ ይመረጣል፤ ቢያንስ ርስቷን ባጣችው ዌስተንና በአዲሲቱ ገበያ መካከል የነበረውን ቅራኔ ሳያስታውስ አይቀርም።

የቴምፕላሮች ማኅበር በ1312 በጳጳሱ ትእዛዝ ፈረሰ፤ ያወጡት ስም ግን ከተማይቱ ላይ ቀረ። መላጣ ኦክ ነው የሚል ሰው ከማርሻል ቻርተር የቀደመ አንድ ወረቀት ይዞ ይምጣ፤ እስከዚያው ባልዶክ የባግዳድ ሞክሼ ናት።