በሊኒየር ሬጉሌተር የከረንት ገደብና የመነሻ ከረንት

ሊኒየር ሬጉሌተር ከፍና ዝቅ የሚል ቮልቴጅ ተቀብሎ የተወሰነ ቮልቴጅ ብቻ የሚያሳልፍ፣ ትርፉን በሙቀት መልክ የሚያስወግድ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ነው። በጎንደርም ሆነ በሌላ ከተማ የሬዲዮና የቴፕ ጠጋኞች በቅርብ የሚያውቁት ባለ ሦስት እግሩን 7805 ነው፤ 5 ቮልት ያወጣል።

የመጀመሪያው ሬጉሌተር የቱ ነው የሚለው ጥያቄ መልሱ እንደ ጠያቂው ይለያያል። በአንድ ቺፕ ላይ የተሠራ ሬጉሌተር ከተባለ፣ ቦብ ዊድላር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ገደማ ለናሽናል ሴሚኮንዳክተር የነደፈው ኤልኤም100 ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። እሱ ግን አጋዥ ክፍሎች ከውጭ ይፈልግ ነበር፤ የከረንቱን ገደብ የሚወስነውም ሠሪው የሚጨምርበት ሬዚስተር ነው። ሦስት እግር ብቻ ያለው፣ የከረንት ገደብንና የሙቀት መቁረጫን በሆዱ የያዘው ኤልኤም109 የመጣው በዚያው አሥርት ዓመት ማብቂያ ላይ ሲሆን ነዳፊውም ዊድላር ነው። የፌርቻይልድ 7800 ቤተሰብ ተከተለው። ለዚህ ርዕስ የሚመዝነው ኤልኤም109 ነው፤ ጥበቃው ለሠሪው ፈቃድ መተዉ የቀረው በእሱ ነውና።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከረንቱ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ከአንድ ኦም ያነሰ ሬዚስተር ይገባል። በእሱ ላይ ያለው ቮልቴጅ 0.6 ወይም 0.7 ሲደርስ፣ ጠባቂው ትራንዚስተር ይከፈትና ዋናውን ትራንዚስተር ያፍነዋል። ሬዚስተሩ 0.3 ኦም ከሆነ ገደቡ 2 አምፔር አካባቢ ይሆናል።

ዕቃው ሲበራ ባዶው ካፓሲተር ለአፍታ እንደ ሾርት ይቆጠራል። ከሬጉሌተሩ በኋላ ያለ 1,000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በ2 አምፔር ገደብ 5 ቮልት ለመድረስ 2.5 ሚሊሰከንድ ይበቃዋል። በአንዳንድ ሬጉሌተሮች የሚወጣው ቮልቴጅ ሲወድቅ ገደቡም አብሮ ስለሚወርድ፣ ሲነሣ ብዙ ከረንት የሚፈልግ የቴፕ ሞተር ጨርሶ ላይነሣ ይችላል። ጤነኛ ሬጉሌተር ተቃጥሏል ተብሎ የሚጣለው አንዳንዴ በዚህ ሳቢያ ነው።

ደጋው የራሱ ጠባይ አለው። የጎንደር ከፍታ ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፤ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው 80 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ በደባርቅ ደግሞ ሦስት አራተኛ አካባቢ ይሆናል። በስስ አየር ሙቀት በቀላሉ አይወገድም፤ 12 ቮልት ተቀብሎ 5 ቮልት በ1 አምፔር የሚያወጣ ሬጉሌተር 7 ዋት ሙቀት ስላለበት፣ ሰፋ ያለ የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ቢደረግለት ይሻላል።

ማታ ምጣዱ ሁሉ ሲጣድ 220 ቮልቱ ወደ 170 ቢወርድ፣ ለ7805 የሚደርሰው 9 ቮልት ወደ 7 ይወርዳል። 7805 ሥራውን በትክክል ለመሥራት የሚፈልገው ያንኑ ያህል ነው።

ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት፣ ገደቡ የሚጠብቀው ሬጉሌተሩንና ከእሱ በኋላ ያለውን ብቻ መሆኑ ነው። ጠፍቶ የቆየ መብራት ሲመጣ የመጀመሪያውን ምት የሚቀበሉት ትራንስፎርመሩ፣ ዳዮዶቹና የመግቢያው ካፓሲተር ናቸው። መብራት ሲጠፋ ዕቃውን ከሶኬት መንቀል፣ ሲመለስም እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ያስፈልጋል።