ምናኔ (በሰሜን ተራሮች ግርጌ)

ዓለማዊ ኑሮን ትቶ ወደ በረሃ ወይም ወደ ገዳም መግባት። በሌላው ዓለም ከተማ ያንገሸገሸው ወጣት ወደ ባሕር ዳርቻ ይሸሻል። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር በሌላት ኢትዮጵያ የቆየው መሸሻ ገዳም ነው።

በሰሜን ተራሮች ካለው የአምባራስ ደጋ በታች፣ ከደባርቅ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ተወርዶ በአዲ አርቃይ አቅጣጫ የሚገኘው ቆላማው የዋልድባ ገዳም በምናኔ ስመ ጥር ነው። ከታላላቅ አባቶቹ አንዱ፣ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ የኖሩት አቡነ ሳሙኤል ዘዋልድባ ናቸው። በገዳሙ እህል አይዘራም፤ መነኮሳቱ ከሙዝ የሚሰናዳ ቋርፍ ይመገባሉ።

ሥራ ፈልጎ ያጣ ወይም ኀዘን የሰበረው ወጣት ቢመጣም ወዲያው አይመነኩስም። በአመክሮ ውሃ እየቀዳ፣ እንጨት እየለቀመ አባቶችን ያገለግላል። ይህ ትልቅ ርኅራኄ ነው፤ በምሬት የመጣ ልብ ረግቶ እንዲያስብና ከፈለገም ሳያፍር ወደ ቤቱ እንዲመለስ ጊዜ ይሰጠዋልና። የጸና ግን ሲመነኩስ በቁሙ ጸሎተ ፍትሐት ይደረስለታል፤ ለዓለም እንደ ሞተ ይቆጠራል።

ዓለም ግን ከገዳሙ ደጃፍ አልራቀም። በ2004 ዓ.ም. የወልቃይት ስኳር ፕሮጀክትና የዛሬማ ግድብ የገዳሙን ይዞታ ይነካሉ በሚል መነኮሳትና ምእመናን ተቃውሞ አሰምተዋል።