ከዱርቤቴ እስከ አማኑኤል፦ የአእምሮ ሐኪም ፍለጋ ታሪክ በጎጃም

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በመራዊ በኩል ወደ ዳንግላ የሚወስደው አውራ ጎዳና የደቡብ አቸፈር ወረዳ መቀመጫ የሆነችውን ዱርቤቴን አቋርጦ ያልፋል። ከዱርቤቴ ተሳፍሮ አዲስ አበባ ለመድረስ ዳንግላን፣ እንጅባራን፣ ቡሬን፣ ፍኖተ ሰላምንና ደብረ ማርቆስን አልፎ፣ በደጀን በኩል ዐባይ በረሃ ወርዶ፣ በጎሐ ጽዮን መውጣት ያስፈልጋል፤ በጠቅላላው 500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ነው። አእምሮው የታወከ ልጁን ወይም ወንድሙን በመካከሉ አስቀምጦ ይህን መንገድ የተጓዘ ቤተሰብ በጎጃም ገጠር ጥቂት አይደለም። የጉዞው መጨረሻ መርካቶ አጠገብ የሚገኘው የአማኑኤል ሆስፒታል ነበር። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በመላው ኢትዮጵያ ለአእምሮ ሕሙማን ተብሎ የቆመ ሆስፒታል እርሱ ብቻ ነበርና።

በውጭ አገር ስለ አእምሮ ሕክምና የሚጻፉ መምሪያዎች ሕመምተኛው ለጠባዩና ለሕመሙ የሚስማማውን ሐኪም መርጦ እንዲይዝ፣ ካልተስማማውም እንዲለውጥ ይመክራሉ። ምክሩ መልካም ነው። ለአቸፈር፣ ለሜጫና ለጃቢ ጠህናን ገበሬ ግን «የትኛው ሐኪም ይሻለኛል?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ሐኪም የት አለ?» የሚለው ይቀድም ነበር። ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ የገጠሩ ሰው መምረጥ አያውቅም ነበር ብሎ መደምደም ትልቅ ስሕተት ነው። እንዲያውም ከዘመናዊው ሕክምና ውጭ የነበረው የምርጫ ልምድ እጅግ የዳበረ ነበር።

በጎጃም እንደ ሌላው የሰሜን ኢትዮጵያ አገር ሁሉ የአእምሮ ሕመም አንድ ስም አልነበረውም። ለከፋ፣ ዛር፣ ቡዳ፣ ጋኔን፣ መተት፣ ሐሳብ፣ እብደት፤ እያንዳንዱ ስም የየራሱ መድኃኒትና የየራሱ አዋቂ አለው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ በሽታውን መሰየም ነው። ቤተ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ሽማግሌ ይጠየቃል፤ ከዚህ ቀደም እንዲህ ያለ ነገር ደርሶበት የዳነ ሰው ይፈለጋል። ከዚያ በኋላ ከደብተራው፣ ከባለ ዛሩ፣ ከሥር ማሹና ከጠበሉ አንዱ ይመረጣል። ጎጃም የቅኔና የመጻሕፍት ትምህርት ምድር እንደ መሆኗ ክታብ የሚጽፍ፣ ጠልሰም የሚሥል፣ መጽሐፈ መድኃኒት የሚመለከት ደብተራ በቅርብ አይታጣም ነበር። የጠበሉም ነገር እንደዚሁ ነው። በሰከላ ከሚገኘው ከግሽ ዐባይ ምንጭ ጀምሮ በየደብሩ የሚፈልቀው ውሃ የራሱ ዝና፣ የራሱ ሥርዐትና የራሱ ምስክሮች አሉት።

ቤተሰቡ አንዱን ሞክሮ ሳይሆንለት ሲቀር ወደ ሌላው ይሄዳል። ስንት ይጠይቃል? ምን ያህል ይርቃል? በሽተኛውን ይቆጣል ወይስ ያባብላል? ዘመድ አብሮ እንዲሰነብት ይፈቅዳል? እነዚህ ሁሉ ይመዘናሉ። በዘመናዊው ቋንቋ ተስማሚ ሐኪም መፈለግ የሚባለው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር ተቀምጦ የዛርን ሥርዐት በቅርብ ተመልክቷል። አሜሪካዊው ሳይመን መሲንግም በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ የጎንደርን የዛር ማኅበር እንደ አንድ ዐይነት የቡድን ሕክምና አድርጎ አቅርቦታል። ሁለቱም የዛሩ ቤት ለበሽተኛው ከመድኃኒት በላይ የሆነ ነገር ይሰጠው እንደ ነበር አስተውለዋል፤ ይኸውም ታሪኩን ሰምቶ እንደ ሰው የሚቆጥረው ጉባኤ ነው። እርግጥ ነው፣ ይህ ልምድ ጉዳት አልነበረውም ማለት አይደለም። ገንዘብ የጨረሰ፣ በረኀብና በዱላ የተጎሳቆለ፣ ወይም በሰንሰለት ታስሮ ዓመታት ያሳለፈ በሽተኛ ነበር።

የአማኑኤል ሆስፒታል የተቋቋመው በጣልያን ወረራ ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም. ግድም ነው። ከነጻነት በኋላም ብዙ ዘመን የቆየው ከሕክምና ቤትነቱ ይልቅ መጠለያነቱ አመዝኖ ነው። በዚያን ጊዜ ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ጉድለት አልነበረም። ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት በ1952 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር ለአእምሮ ሕመም መዋል እስኪጀምር ድረስ የአውሮፓ የአእምሮ ሆስፒታሎችም ከማቆየት የተሻለ የሚያደርጉት ብዙ ነገር አልነበራቸውም። የአማኑኤል አልጋዎች ቁጥር በኋላ ዘመን 360 ገደማ ደርሷል። ይህም ለመላው አገር ነበር።

«አማኑኤል» የሚለው ስም በሕዝብ አፍ ላይ ወደ ስድብነት መለወጡም ከዚሁ የመጣ ይመስላል። አንድ ቦታ ብቻ ሲኖርና ወደዚያም የሚሄደው ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ያልሆነለት፣ የጠናበት በሽተኛ ሲሆን፣ የቦታው ስም የተስፋ መቁረጥ ስም ይሆናል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ነገር ግን ስሙ ራሱ ቤተሰብን የሚያሳፍር በሽታ መደበቁ አይቀርም። ከአማኑኤል የተመለሰ ልጅ ያለው ቤት ሴት ልጁን ለመዳር ይቸገር ነበር።

በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ያስተምር የነበረው የኔዘርላንድ ተወላጅ ሮበርት ጊል ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ከሆስፒታሉ ቅጥር ወጥቶ ሕዝቡ የት እንደሚታከም ለማየት ሞከረ። በጊዮን፣ ማለትም በወሊሶ፣ በእምነት ስለሚደረገው ፈውስና ስለ መንፈስ መያዝ ያጠኑት በዚያው ዘመን ነው። ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን የአእምሮ ሐኪሞች አንዱ የሆኑት ዶክተር ፍቅሬ ወርቅነህም ከጊል ጋር በ1975 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ የአንድ ቄስንና የአንድ ሼህን የፈውስ ሥራ መርምረዋል። ሐኪሞች የሕዝቡን ምርጫ ከመንቀፍ ይልቅ ለመረዳት ማሰባቸው ለሙያው ትልቅ እርምጃ ነበር። ይሁን እንጂ ዕውቀቱ ወደ ጎጃም ገጠር የሚደርስበት መንገድ ገና አልተጠረገም።

መንገዱን የጠረጉት ነርሶች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1980 ዓ.ም. ግድም በአማኑኤል ሆስፒታል ለነርሶች የአንድ ዓመት የአእምሮ ሕክምና ትምህርት መሰጠት ተጀመረ። ተመራቂዎቹም በየክፍላተ ሀገሩ ሆስፒታሎች እየተመደቡ፣ አንድ ወይም ሁለት ሆነው፣ በአብዛኛው በአንዲት ጠባብ ክፍል ሥራ ጀመሩ። ዶክተር የሚባል አብሯቸው አልነበረም። መርምረው የበሽታውን ዐይነት የሚለዩት፣ መድኃኒት የሚያዝዙት፣ ቤተሰብ የሚያስታርቁት፣ ለቀጠሮ ያልመጣውን የሚያፈላልጉት እነርሱው ነበሩ።

ይህ እርምጃ በታሪክ ውስጥ የሚገባውን ያህል ቦታ አላገኘም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሙያው ታሪክ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ በሐኪሞች ስለ ሐኪሞች ነው። ለበሽተኛው ግን የነርሷ መምጣት ሁለት ነገር ለወጠ። አንደኛው ርቀቱ ነው፤ በሬ ሸጦ አዲስ አበባ መውረድ ቀርቶ በአቅራቢያ ያለው ሆስፒታል ደርሶ መመለስ ተቻለ። ሁለተኛው ንግግሩ ነው። «ሆዴ ባባ»፣ «ልቤ ተሰወረ»፣ «ራሴን አቃጠለኝ» የሚል የጎጃም ገበሬ ምን ማለቱ እንደ ሆነ ለመረዳት እዚያው አገር ያደገች ነርስ አስተርጓሚ አያሻትም። በሌላ በኩል ቤተሰቡ ወዲያው ያመናት አይምሰል። «ትልቅ ሐኪም ይየው» የሚለው ጥያቄ በየክፍሉ የታወቀ ነበር። መድኃኒቱም ባለቀ ቁጥር የተገነባው እምነት ይፈርስ ነበር፤ ክሎርፕሮማዚን ወይም አሚትሪፕቲሊን የለም ተብሎ የተመለሰ በሽተኛ ሲያገረሽበት ቤተሰቡ የሚወቅሰው የመድኃኒት ግምጃ ቤቱን ሳይሆን ነርሷን ነው።

የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው ከዚህ ብዙ ዘግይቶ፣ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር ነው። በዚያን ጊዜ በመላ አገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 15 አይሞሉም፤ ሁሉም የተማሩት በውጭ አገር ነው። የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች በ1998 ዓ.ም. ወጡ። ቀጥሎም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከአማኑኤል ጋር፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲም በበኩሉ፣ በአእምሮ ጤና በማስተርስ ደረጃ ማሠልጠን ጀመሩ። በአዲስ አበባ የግል ክሊኒኮች ተከፈቱ፤ ስለዚህ ገንዘብ ላለው የከተማ ሰው ሐኪም መርጦ መያዝና መለወጥ በእርግጥ የሚቻል ነገር ሆነ። ለጎጃም ገጠር ግን ሐኪም ማለት ቢቀርብ ባሕር ዳር ነበር።

በዚህ መካከል የተደረጉ ጥናቶች ያሳዩት ነገር የባልደረቦችን ትኩረት የሚሻ ነው። በቡታጅራና በአካባቢው ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ 68,378 ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀው ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሲለዩ፣ አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ዘመናዊ ሕክምና ያላዩ ሆነው ተገኙ። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ አማኑኤል አዲስ የገቡ ከ1,000 በላይ ሕሙማን በምን መንገድ እንደ መጡ ጠየቀ። 31 ከመቶ ያህሉ ወደ ካህን ወይም ወደ ጠበል ሄደው ነበር፤ ሕመሙ ከጀመረ አንሥቶ ሆስፒታል እስኪደርሱ የወሰደው ጊዜ በመካከለኛ ግምት 38 ሳምንት ነው። ይህ እንግዲህ ስለ ደረሱት ነው፤ ስላልደረሱት አይናገርም። በጉራጌ አገር በሶዶ የተደረገውና በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ዘመዶቻቸውን በቤት ያሰሩ ቤተሰቦችን አነጋግሯል። ካሳሰሯቸው ምክንያቶች አንዱ ሊደርሱበት የሚችሉት ሕክምና መጥፋቱ ነበር። ጭካኔ ብሎ ለማለፍ የሚቸኩል ሰው ይህን ማስተዋል ይገባዋል።

ተስማሚው ሐኪም ማን ነው ለሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው መልስ የተገኘውም ከዚያው አካባቢ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ከ300 በላይ ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፈለ፤ ግማሾቹን የአእምሮ ሕክምና ነርሶች በሆስፒታል፣ ግማሾቹን አጭር ሥልጠና የወሰዱ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች በየሰፈራቸው ተከታተሏቸው። ከዓመት በኋላ ሲታይ በጤና ጣቢያ የታከሙት ከሌሎቹ የባሰ ሁኔታ ላይ አልተገኙም። ይህ ማለት ሐኪም አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ አስቸጋሪው በሽተኛ የግድ ወደ ሐኪሙ መላክ አለበት። ግን ለአብዛኛው የገጠር በሽተኛ ከዕውቀት ማዕርግ ይልቅ የሚያድነው በወር በወሩ የሚያገኘው፣ ስሙን የሚያውቅ፣ መድኃኒት በእጁ ያለው ሰው ነው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ለ2005–2008 ዓ.ም. ያወጣው የአእምሮ ጤና ስትራቴጂም አገልግሎቱ በጤና ጣቢያዎችና በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች እንዲሰጥ የወሰነው በዚህ ሐሳብ ነው።

የቀረው የጠበል ጉዳይ ነው። ጠበል የሚጠመቅ በሽተኛ ይጾማል፤ በአንዳንድ ቦታም መድኃኒቱን እንዲያቆም ይነገረዋል። ሐኪሙም በፈንታው «ጠበሉን ተው» ሲለው ቤተሰቡ ከሁለት አንዱን እንዲክድ ይገደዳል፤ ሲገደድም ብዙ ጊዜ የሚክደው ሐኪሙን ነው። በእንጦጦ ማርያም ጠበል ካህናትና ሐኪሞች ተግባብተው፣ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ የተደረገበትን ሥራ የሚገልጽ ጥናት በ2021 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ተመሳሳይ ስምምነት በግሽ ዐባይም ሆነ በሌሎቹ የጎጃም ጠበሎች እንዳይሞከር የሚከለክል ነገር የለም። ቄሱም ነርሷም የሚያገለግሉት ያንኑ ሰው ነውና።

ዛሬ ዱርቤቴ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አላት፤ ፍኖተ ሰላምና ቡሬም ሆስፒታል አላቸው። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በአማራ ክልል ግጭት ከተነሣ ወዲህ መንገድ በተዘጋ ቁጥር የመድኃኒት ጭነትም የበሽተኛ ቀጠሮም አብሮ ይቋረጣል። ለስኳር በሽታ መድኃኒት ሲጠፋ የሚጮህ ይገኛል፤ የአእምሮ ሕመምተኛው መድኃኒት ሲያልቅበት ግን አስቀድሞ የሚያየው እናቱ ናት። እንቅልፉ ሲጎድል፣ ብቻውን ማውራት ሲጀምር ታውቃለች። ከዚያም እንደ ጥንቱ ጎረቤት ትጠይቃለች፦ ነርሷ ዛሬ ገብታለች ወይ? መድኃኒቱስ መጥቷል?