አባት ለልጁ እርፍ ሲያስጨብጥ

ዩኒቨርሲቲ በማስተምርበት ጊዜ አንድ ልማድ ነበረኝ። የገጠር ኑሮ ያለበት ልቦለድ ልናነብ ስንል ተማሪዎቼን «ወገል ምንድን ነው? ድግርስ?» ብዬ እጠይቃለሁ። የከተማዎቹ ይሳሳቃሉ። ከገበሬ ቤት የመጡት ይመልሱልኛል። «ማን አስተማራችሁ?» ስላቸው ግን ግራ ይገባቸዋል። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራቸውማ! አባት ያርሳል፣ ልጅ ይከተላል፤ በቃ።

ስለ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ገበሬ ለመጻፍ የሚቸግረውም ይኸው ነው። በሌላው ዓለም ወንድም ለወንድሙ ስለ ዘርና ስለ ማሳ የጻፈው ደብዳቤ በየቤተ መዛግብቱ ይገኛል። የእኛ ሰው ብራና የፈጀው ለዳዊት፣ ለታሪከ ነገሥት፣ ለርስትና ለግብር ጉዳይ ነው። «ጤፍ ከመዝራትህ በፊት ጎልጉል፣ አይም፣ ሰልስ፤ አፈሩ ካልላመ ዘር አታባክን» የሚለው ምክር ከአባት አፍ ወደ ልጅ ክንድ አለፈ እንጂ ቀለም አልነካውም።

መካሪው አባት ብቻም አልነበረም። አንድ በሬ ብቻ ያለው ጎልማሳ ከወንድሙ ወይም ከአማቹ ጋር መቀናጆ ይገባል፤ ዛሬ የአንተ ማሳ፣ ነገ የእኔ። አብሮ ማረስ ደግሞ አብሮ መመካከር ነው፤ አልፎ አልፎም መጨቃጨቅ! ጎተራውን የምትጠብቀው እናት በበኩሏ ሴት ልጇን «የመጣ ቢመጣ ዘር አይነካም» ትላታለች።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ምክር የቆመው በበሬ ላይ ነበር። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ኢጣሊያኖች ለጦራቸው ብለው ምጽዋ ካስገቧቸው ከብቶች ጋር «ደስታ» የሚባለው በሽታ ገባ (ስሙ ራሱ ምጸት ነው)። ከሰሜን ተነሥቶ ሸዋንም አልፎ ወረደ። ከአገሩ ከብት ከመቶ ዘጠና ያህሉ እንዳለቀ ይገመታል። በላዩ ላይ ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተጨመረበት። እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ክፉ ቀን ይኸው ነው።

እስቲ አስቡት። ዕድሜ ልኩን ሲያርስ የኖረ ሰው ማሳው ዳር ቆሟል። ሞፈሩ አለ፣ ቀንበሩ አለ፤ የሚጠመድ የለም። ልጁን ምን ብሎ ይምከረው? «ዘር አይነካም» ያለችው እናትም ዘሩን ቆልታ ለልጆቿ አበላች። ማን ይፈርድባታል?

በዚህ ጊዜ መካሪ የሆኑት ንጉሡ ነበሩ። ዐፄ ምኒልክ ለሕዝቡ አርአያ እንዲሆን ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደ ቆፈሩ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ጽፈዋል። ይህ ነገር ብዙ ጊዜ የንጉሥ ትሕትና ተብሎ ይወራል። ለእኔ የሚታየኝ ሌላ ነው። በጥማድ ማረስ ክብሩ ለሆነ ደገኛ በዶማ መፈግፈግ መውረድ ነው። አባቱ ያላሳየውን ሥራ በልጁ ፊት ለመጀመር «ነውር አይደለም» የሚለው ሰው ያስፈልገው ነበር። ያንን ለማለት ደግሞ ጎረቤት አይበቃም።

ከብቱ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ሁሉም ግን በመዋለድ አልተመለሰም፤ ይህን የምናነሳው ብዙ አይደለንም። በ1887 ዓ.ም. ከወላይታ ዘመቻ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ከብት፣ ከተማረከው ሰው ጋር፣ ወደ ሸዋ ተነዳ። አብሮ የዘመተው ፈረንሳዊ ቫንደርሄይም ያየውን ጽፎታል። ወላይታም አባትና ልጅ ነበሩ። እንሰት በየስንት ዓመቱ እንደሚደርስ፣ ግቢው በከብት ፍግ እንዴት እንደሚዳብር ሲመካከሩ የኖሩ። ከብቱ ሲነዳ ፍጉም አብሮ ሄደ።