የስጋጃ ጠጉርና የመስጊድ አደራ

«ስጋጃ» የሚለው ቃላችን ከዐረብኛው «ሰጃዳ» የመጣ ነው፤ መሠረቱም «ሱጁድ» የተገኘበት ሥር ሲሆን፣ የአማርኛው «ሰገደ» የዚያው ወገን ነው። ሆኖም ሶላት ስጋጃ ስለሌለ አይጓደልም፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከዘንባባ በተሠራች ትንሽ ሰሌን ላይ ይሰግዱ እንደነበር መይሙና (ረ.ዐ.) ዘግበዋል። ባለ ጠጉሩ ስጋጃ በየዘመኑ የመስጊድን ወለል ያለበሰው በምእመናን ስጦታና በወቅፍ ነው። ስለዚህም ታሪክ ተሸካሚ ሆነ።

ባለ ጠጉር ስጋጃ እንደ ጋቢ ከድርና ከማግ ብቻ አይሠራም። ሠሪዋ በተወጠረው ድር ላይ፣ ሁለት ሁለቱን ክር እየያዘች አጫጭር የሱፍ ፈትል ትቋጥራለች። ረድፉ ሲሞላ ማግ አሳልፋ ትጠቀጥቀዋለች፤ ጫፎቹንም አስተካክላ ትከረክማለች። ጠጉር የሚባሉት እነዚህ ቀጥ ብለው የቀሩ ጫፎች ናቸው። ፈትሉ ሁለቱንም ድሮች ከጠመጠመ የቱርክ፣ አንዱን ብቻ ጠምጥሞ በሌላው ሥር ካለፈ የፋርስ ቋጠሮ ይባላል፤ ይሁን እንጂ በፋርስ ምድርም በቱርክ ቋጠሮ የሚሠሩ አሉ። ፈትሉ ወደ ታች ተስቦ ስለሚቆረጥ ጠጉሩ ሽመናው ወደ ተጀመረበት ጫፍ ያዘነብላል። እጅ በዚያ አቅጣጫ ሲዳብሰው ይለሰልሳል፤ በተቃራኒው ይሻክራል።

በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አናቶሊያን የጎበኘው ኢብን በጡጣ፣ በአቅሰራይ ከበግ ሱፍ የሚሠሩ ምንጣፎች እስከ ግብጽ፣ ሕንድና ቻይና ይላኩ እንደነበር ጽፏል። ከዚያ ቀደም ያለው ዘመን የእጅ ሥራ ምን ይመስል እንደነበር ያሳየን ግን የመስጊድ ወለል ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 በኮንያው የዐላኡዲን መስጊድ የነበሩ 8 ስጋጃዎችና ቁራጮች የተመራማሪዎችን ዓይን ሳቡ። ድራቸው፣ ማጋቸውና ጠጉራቸው ሱፍ፣ ቋጠሯቸውም የቱርክ ነው፤ ብዙዎቹ ተመራማሪዎች የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራ ያደርጓቸዋል። በአናቶሊያ መስጊዶች አዲስ ስጦታ ሲመጣ በአሮጌው ላይ የመደረብ ልማድ ነበር። ብዙ ጥንታዊ ስጋጃ ለዘመናችን የደረሰውም እንዲህ ባለው ልማድ ነው።

ያው ቅርስ ግን ሌባንም ሳበ። ከመስጊዶችና ከመቃብር ስፍራዎች የሚደረገው ዝርፊያ ስለበረታ፣ እ.ኤ.አ. በ1914 በኢስታንቡል በሱለይማንያ ግቢ የእስላማዊ ወቅፎች ሙዚየም ተከፈተ። የኮንያ ስጋጃዎችም ዛሬ የሚጠበቁት የዚያ ሙዚየም ወራሽ በሆነው ተቋም ነው።

ዛሬ በየመስጊዱ የማሽን ምንጣፍ አሮጌውን እየተካ ነው፤ ይህ በራሱ ነውር የለበትም። ነገር ግን አሮጌው ከመጣሉ በፊት ይገልበጥ። ዘርፉ የድሩ የራሱ ጫፍ ከሆነ፣ ቋጠሮውም በጀርባው ትንሽ ወጣ ገባ ካለ፣ የእጅ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ተሰፍቶ የተጨመረ ዘርፍ ብዙውን ጊዜ የማሽን ምልክት ነው። የሰጪው ስምና የተሰጠበት ዘመን ከሽማግሌዎች ተጠይቆ ይመዝገብ። የጠጉሩ ማለቅ ዋጋውን አያጠፋውም፤ የሰጋጆች ጉልበትና ግንባር ያሳሳው ነውና። ወቅፍ የተደረገን ነገር መጠበቅ አደራ ነው፤ አደራውም ከእግራችን ሥር ካለው ይጀምራል።