ከሲዲ ወደ ሰርቨር፦ ኮናሚ፣ የጥንት ደጋፊዎቹና የነፋስ መውጫ ፕሌይስቴሽን ቤቶች

ከዚህ ብዕር ስለ ፓርቲ፣ ስለ ምርጫና ስለ ሕገ መንግሥት ማንበብ የለመዳችሁ ሁሉ፣ ዛሬ ስለ አንድ የጃፓን የቪዲዮ ጨዋታ ኩባንያ ልጽፍ መነሣቴ ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ነገሩ ግን ከለመድነው ጉዳይ እምብዛም የራቀ አይደለም። አንድ ተቋም በተከታዮቹ ጫንቃ ላይ ቆሞ ካደገ በኋላ «መንገዴን ቀይሬአለሁ» ቢል፣ እነዚያ የጥንት ተከታዮች የሚሉት አላቸውን? ቢሉስ የሚሰማቸው ማን ነው? ይህን ጥያቄ በአገራችን ፖለቲካ ላይ ሳነሣው ወዲያው ጎራ ይለይበታል፤ ስለዚህ ማንም ጎራ በማይለይበት ሜዳ ላይ ልሞክረው አሰብሁ።

ኩባንያው ኮናሚ ይባላል። ካጌማሳ ኮዙኪ የተባሉ ሰው እ.ኤ.አ. በ1969 ኦሳካ ውስጥ ሲመሠርቱት ሥራው ሳንቲም እየጎረሱ ሙዚቃ የሚያሰሙ ማሽኖችን ማከራየትና መጠገን ነበር። ቆይቶ ወደ ቪዲዮ ጨዋታ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1995 «ዊኒንግ ኢለቨን» የተባለውን የእግር ኳስ ጨዋታ ለፕሌይስቴሽን አወጣ፤ ይኸው ጨዋታ ከ2001 ጀምሮ በአውሮፓ «ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር» ተባለ፤ እኛ በአጭሩ «ፔስ» ያልነው ነው። ተቀናቃኙ የአሜሪካው ኤሌክትሮኒክ አርትስ ኩባንያ «ፊፋ» ነበር። ፊፋ የክለቦችንና የሊጎችን ስም በገንዘቡ ገዝቶ ሲያስር፣ ኮናሚ ለብዙዎቹ ፈቃድ ስላልነበረው ሊቨርፑልን «መርሲሳይድ ሬድ» እያለ ይጠራ ነበር። ስሙ የውሸት ነበር፤ ኳሱ ግን ኳስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 የወጡትን አምስተኛውንና ስድስተኛውን ፔስ የተጫወተ ሰው ይህን አባባል አይክደኝም። የብራዚላዊው አድሪያኖ ምት እንኳን በረኛውን፣ ከአጠገብህ የተቀመጠውን ጓደኛህን ያስደነግጥ ነበር።

ይህ ጨዋታ ወደ እኛ አገር የገባው በኩባንያው ፈቃድ አይደለም። ተቀድቶ በመጣ ሲዲ፣ ቺፕ በተገጠመለት ፕሌይስቴሽን 2 ነው የገባው። ከደብረ ታቦር ወጥቶ የጉናን ተራራ ተጠግቶ ወደ ጋሸናና ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ ነፋስ መውጫን አቋርጦ ያልፋል፤ ሲዲውም በዚያው መንገድ፣ ከልባሽ ጨርቅና ከባትሪ ድንጋይ ጋር ተጭኖ መጣ። ነፋስ መውጫ የላይ ጋይንት ወረዳ ርእሰ ከተማ ናት። በስተደቡቧ የታች ጋይንት ዓርብ ገበያ፣ የስማዳ ወገዳ፣ የእስቴ መካነ ኢየሱስ አሉ። ይህ አካባቢ በጋዜጣ ሲነሣ ስለ ድርቅና ስለ እርዳታ እህል ነው፤ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ የሴፍቲኔት ወረዳዎች መሆናቸውን የልማት ሪፖርት ያነበበ ሁሉ ያውቃል። በእነዚያ ሪፖርቶች ውስጥ ግን አንድ ክፍል የቆርቆሮ ቤት፣ ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና ገመዱ በፕላስተር የተጠገነ ጆይስቲክ አይገኙም።

እኔ አውቃቸዋለሁ። ሕጉ አንድ ነበር፦ ተሸናፊ ይከፍላል። የጨዋታው ዋጋ ሳንቲም ነበር፤ ግን ሳንቲሙም የደብተር መግዣ ስለ ነበር የሚሸነፍ ሰው የምር ይሸነፋል። ከወገዳና ከዓርብ ገበያ ለገበያና ለጉዳይ የመጡ ልጆች በር ላይ ቆመው ይመለከቱ ነበር፤ የሚችሉትም ይጫወቱ ነበር። የቤቱን ባለቤት «አያ» እያልን እንጠራው ነበር፤ አንድም ጊዜ ሲጫወት ያየሁት አላስታውስም፣ ሒሳብ ግን አይስትም። መብራት በጠፋ ቀን ሁላችንም በሩ ላይ ተቀምጠን ያልተጨረሰውን ጨዋታ በአፋችን እንጨርሰው ነበር።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ኮናሚ ከዚያ ቤት ሰባራ ሳንቲም አላገኘም። በሕግ ዓይን እኛ ደንበኛ አልነበርንም፤ የተሰረቀ ዕቃ ተጠቃሚዎች ነበርን። ነገር ግን ጨዋታው ተጫዋችንና ቡድንን እንደ ልብ የማስተካከል ዕድል ይሰጥ ነበርና፣ እኛ የራሳችንን ሠራንበት። ዋሊያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አልፈው ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ የዋንጫውን ባለቤት ዛምቢያን ሲገጥሙ፣ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ወጥቶ፣ በዐሥር ሰው አዳነ ግርማ አቻ ያደረገበትን ግብ ያላየ ኢትዮጵያዊ ይኖራል ብዬ አላምንም። ኢትዮጵያ ግን በፔስ ውስጥ አልነበረችም። በሳምንቱ አንድ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ከማንም የማይመረጥ ቡድን ወሰደ፤ ስሙን በላቲን ፊደል ለወጠ፤ ማልያውን አረንጓዴ አደረገ፤ ሳላዲን ሰይድን፣ ጌታነህ ከበደን፣ አዳነን አንድ በአንድ ፈጠራቸው፤ በሜሞሪ ካርድ ላይም አስቀመጣቸው። ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። ብራዚላውያን «ቦምባ ፓች» በተባለው ሥራቸው የራሳቸውን ሊግ በፕሌይስቴሽን 2 ላይ እየከለሱ ለዓመታት አኑረውታል። ኩባንያው ያወጣው ጨዋታ አንድ ነበር፤ ሕዝብ የሠራበት ጨዋታ ግን ብዙ ነው። በኋላ የመጣውን ቁጣ ለመረዳት ይህ ሊያዝ ይገባዋል፤ ደጋፊው የተቆጣው ገንዘቡን እንደ ተጭበረበረ ገዥ ብቻ ሳይሆን ቤቱን ሌላ እንደ ሸጠበት ባለእጅ ነውና።

መሰበሩ እንዴት መጣ? ለፕሌይስቴሽን 2 የመጨረሻው ፔስ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ከ150 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ ማሽን በዚያ ተሰናበተ። የባሰው ከሁለት ዓመት በኋላ መጣ። በግንቦት 2015 የኮናሚ ፕሬዚዳንት ሂዴኪ ሃያካዋ የጨዋታ መጻኢ ዕድል በእጅ ስልክ ላይ መሆኑን ተናገሩ። በዚያው ዓመት ደጋፊው በጉጉት ይጠብቀው የነበረው «ሳይለንት ሂልስ» ተሰረዘ፤ ማሳያው ከፕሌይስቴሽን መደብር ተነሣ፤ አንድ ጊዜ ያጠፋው ሰው ዳግመኛ ሊያገኘው አልቻለም። «ሜታል ጊር»ን ለሠላሳ ዓመት ያህል የሠራው ሂዴዮ ኮጂማ በዓመቱ መጨረሻ ኩባንያውን ለቀቀ። በታኅሣሥ በተደረገው የሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ መሪው ኮጂማ ያልተገኘው የኩባንያው ጠበቃ ስለ ከለከለው መሆኑን ሲናገር አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። ኩባንያው በበኩሉ የፓቺንኮ ቁማር ማሽኑንና የስፖርት ማዘውተሪያ ክለቦቹን ይዞ ቀጠለ።

የእግር ኳሱ ተራ የደረሰው በ2021 ነው። ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር ልጻፋቸው። ሐምሌ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ኮናሚ «ፔስ» የሚለው ስም መቅረቱን፣ ጨዋታው «ኢፉትቦል» ተብሎ በኢንተርኔት በነጻ የሚታደል መሆኑን አስታወቀ። ነሐሴ ላይ የሕወሓት ኃይሎች ነፋስ መውጫን ያዙ፤ ከተማዋ ለዘጠኝ ቀናት ያህል በእጃቸው ቆየች፤ በዚያ በሴቶች ላይ የደረሰውን መደፈርና ዝርፊያ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኋላ ባወጣው ዘገባ መዝግቦታል። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢፉትቦል ወጣ። ዘጠኝ ቡድን ብቻ ነበረው፤ የተጫዋቾቹ ፊት የተጣመመ፣ ኳሱ የማይታዘዝ ነበር። «ስቲም» በተባለው መደብር ከሁሉ ጨዋታ ዝቅተኛውን የተጠቃሚ ግምገማ አገኘ። ኩባንያው በማግስቱ ይቅርታ ጠየቀ፤ ዋናውን ማሻሻያ በኅዳር አወጣለሁ ብሎ እስከ ሚያዝያ አዘገየው። ከለንደን እስከ ሳኦ ፓውሎ ያለው ደጋፊ ሲጮህ፣ በነፋስ መውጫ ስለ ጨዋታ የሚያወራ አፍ የነበረው ሰው አልነበረም።

አልበርት ሂርሽማን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ተቋም ሲበላሽበት ሰው ሁለት መንገድ አለው ይላሉ፤ ጥሎ መውጣት ወይም ድምፅ ማሰማት። ሦስተኛው፣ ታማኝነት፣ መውጣትን የሚያዘገይ ነገር ነው። ሐሳቡ የመጣላቸው ከናይጄሪያ የባቡር ድርጅት ነው፤ አገልግሎቱ ሲበላሽ ጩኸት የሚያውቁት ነጋዴዎች ወደ ካሚዮን ስለ ዞሩ የሚጮህበት ጠፋና ባቡሩ ይብሱን ተበላሸ። እኛ ይህን ለመረዳት ናይጄሪያ መሄድ አያሻንም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መባቻ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ሲያዘግሙ፣ በአንድ ወቅት በአሥር ሺዎች ይቆጠር የነበረው ሠራዊታቸው መንምኖ ነበር። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ በሚባልበት አገር፣ ድምፅ የተነፈገው ወታደርና ባላገር በሌሊት በእግሩ ተናገረ። እነ ፊታውራሪ ገብርዬ ደግሞ እስከ እሮጌ ሜዳ ድረስ አብረው ሄደው እዚያው ቀሩ። ሁለቱንም በክህደትና በጀግንነት ብቻ መመዘን ለእኔ አይጥመኝም፤ የሸሹት ከሸሹ በኋላ ሳይሆን ከመሸሻቸው በፊት ማን አዳመጣቸው ብሎ መጠየቅ የታሪክ ጸሐፊ ሥራ ይመስለኛል።

የኮናሚ ደጋፊ ጮኸ፤ ብዙውም ወጣ። ሂርሽማንን የሚያስቸግረው ቀጥሎ ያለው ነው። ኩባንያው አልተጎዳም! ኢፉትቦል ከ700 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ወርዷል፤ ኮናሚም ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት በታሪኩ ያልታየ ትርፍ አስመዝግቧል። አንድ የድሮ ደጋፊ ሲወጣ ዐሥር አዲስ ገባ። የድሮው ሰው ጩኸት በገበያ ሚዛን ላይ ያን ያህል ከቀለለ፣ የእሱን ቦታ ለመሙላት ሌላ ሕዝብ ሊመለምል የሚችል ኃይል ሁሉ ቁጣን አይፈራም ማለት ነው። ይህን አንቀጽ ስለ ኩባንያ ብቻ አድርጎ የሚያነብ ካለ ፈቃዱ ነው።

ለኩባንያውም ፍርድ አልነፍገውም። ነጻ ጨዋታ ለድኻ ይሻላል የሚለው ክርክር ከንቱ አይደለም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ኮንሶል ገዝቶ የማያውቅ ወጣት በስልኩ ኢፉትቦል ሲጫወት አይቻለሁ፤ ከእኛ የቆርቆሮ ቤት ያላነሰ ይስቃል። ነገር ግን ሲዲ የያዘው ሰው ነው፤ ሰርቨር ግን የባለቤቱ ነው። ከሰርቨሩ እስከ ተጫዋቹ ባለው መንገድ ላይ ደግሞ ሌላ ባለቤት ቆሟል። በአማራ ክልል ከሐምሌ መጨረሻ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። ሐኪሙ፣ ነጋዴው፣ ተማሪው የደረሰበትን እያወቅሁ ስለ ጨዋታ ማንሣቴ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ሆኖም በእነዚያ ወራት «በነጻ» የተሰጠው ጨዋታ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ሊከፈት የማይችል፣ የተሰረቀው ሲዲ ግን መብራት ባለበት ሁሉ የሚሠራ ነበር። የቶኪዮ ቦርድና የአዲስ አበባ ቢሮ ሳይተዋወቁ አንድ ልጅን ከሁለት ወገን ዘጉበት።

ለመጨረሻ ጊዜ ነፋስ መውጫ የሄድሁት በ2011 ዓ.ም. ለተዝካር ነበር። ቤቱ ባለቤት ቀይሯል፤ ማሽኑ ያው ፕሌይስቴሽን 2 ነው። ሁለት ልጆች ይጫወታሉ፤ አንደኛው በአረንጓዴ ማልያ። አጥቂው ማን እንደ ሆነ ስጠይቀው ዐይኑን ከመስኮቱ ሳይነቅል «አዳነ» አለኝ። አዳነ ግርማን በሜዳ ሲጫወት አይተህ ታውቃለህ ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ አላየም። ሜሞሪ ካርዱ ላይ ያገኘው ነው።