ስለ አንዲት አጭር ግስ የደከሙ ሊቃውንት

በእንግሊዝኛ ቋንቋ «ሰት» የሚባለው፣ በሦስት ፊደል ብቻ የሚጻፈውና ሕፃናት አፋቸውን እንደ ፈቱ የሚለምዱት ግስ፣ መዝገበ ቃላት ለሚያዘጋጁ ሊቃውንት እጅግ ከከበዱት ቃላት አንዱ ሆኖ መገኘቱ የሚያስደንቅ ነው። ጥንተ ትርጉሙ ማስቀመጥ ሲሆን፣ ከዚሁ ምንጭ ተነሥቶ ፀሐይ ትጠልቅበታለች፣ ማዕድ ይሰናዳበታል፣ ወጥመድ ይጠመድበታል፣ የተሰበረ አጥንት ይጠገንበታል፣ ሲሚንቶ ይጠነክርበታል፣ የዕቃ ዋጋና የሠርግ ቀን ይወሰንበታል፤ የማተሚያ ቤት ሠራተኛም የእርሳስ ፊደሉን ይለቅም የነበረው በዚሁ ግስ ነው። በእኛም ዘንድ «ቆረጠ» ከእንጨት ተነሥቶ እስከ ተስፋ፣ እስከ ቲኬትና እስከ ቀጠሮ ስለሚደርስ፣ አንባቢ የነገሩን ጠባይ ለመረዳት አይቸገርም።

የእነዚህን ትርጉሞች ልደትና ዕድገት ለይቶ ለመጻፍ የታሰበው እ.ኤ.አ. በ1857 ነው። ሪቻርድ ትሬንች የተባሉ የቤተ ክህነት ሰው በለንደን በሥነ ልሳን ማኅበር ፊት ቆመው የነበሩት መዝገበ ቃላት ሁሉ ጉድለት ያለባቸው መሆኑን ካስረዱ በኋላ፣ የእያንዳንዱ ቃል ታሪክ ከመጻሕፍት በተለቀመ ጥቅስ እየተመሰከረ የሚጻፍበት አዲስ መዝገበ ቃላት እንዲዘጋጅ ተወሰነ። የመጀመሪያው አዘጋጅ ኸርበርት ኮልሪጅ በ1861 ገና በወጣትነታቸው ዐረፉ። ከብዙ መጓተት በኋላ በ1879 ሥራውን የተረከቡት፣ የስኮትላንድ ልብስ ሰፊ ልጅ የሆኑትና በ14 ዓመታቸው ትምህርት ቤት የለቀቁት ጄምስ መሪ ናቸው።

የተረከቡትም ርስት ሁለት ቶን ያህል የሚመዝን፣ ጥቅስ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ነበር። በአንዱ ጆንያ የሞተ አይጥ፣ በሌላው ከነልጆቿ በሕይወት ያለች አይጥ ተገኘች፤ የአንዱ ፊደል ጥቅሶች ፍሎሬንስ ላይ ሲገኙ፣ አየርላንድ የነበሩት ሌሎች ግን አብዛኞቹ እሳት ማንደጃ ሆነው ቆዩ። መሪ በኦክስፎርድ ቤታቸው አትክልት ስፍራ ከቆርቆሮ በተሠራ፣ እስከ ወገቡ በምድር ውስጥ በገባ ጎጆ ተቀምጠው፣ በክረምት ካፖርታቸውን ደርበውና እግራቸውን ከብርድ ለመከለል በሣጥን ውስጥ ከትተው ይሠሩ ነበር። ልጆቻቸውም ለጥቂት ሳንቲም ወረቀቶቹን በፊደል ተራ ይለዩላቸው ነበር።

የሥራው ሥርዓት ለመናገር ቀላል፣ ለመፈጸም ግን አድካሚ ነበር። አንባብያን በየአገሩ ሆነው፣ ያገኙትን ቃል በወረቀቱ ራስጌ፣ ከበታቹም ዘመኑን፣ ደራሲውን፣ ገጹንና ሙሉውን ዐረፍተ ነገር ጽፈው ያለ ደመወዝ ይልኩ ነበር። አዘጋጁም ወረቀቶቹን በጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ተመሳሳይ ትርጉም ያላቸውን በአንድ ክምር፣ የሚለዩትን በሌላ ክምር ያኖር ነበር፤ ከዚያም እያንዳንዱን ክምር ከጥንቱ ወደ ቅርቡ ዘመን አሰልፎ ፍቺውን ይጽፍ ነበር። በአንድ ክምርና በሌላው መካከል ወሰን ማበጀት ግን ዓይንንም አእምሮንም የሚፈትን ነው፤ የሊቅነት ሚዛኑም በእኔ ፍርድ እዚህ ላይ ነው።

«ሰት» የደረሰው አስቀድሞ በሼፊልድ በአንድ የቢላዋ ንግድ ቤት ጸሐፊ ለነበሩት፣ ቋንቋን በራሳቸው ትጋት ለተማሩት ለሄንሪ ብራድሊ ነው። ግሱ ብቻውን ከ18 ገጽ በላይ ያዘ፤ በ154 ዐበይት ክፍሎችም ተከፈለ። የመጨረሻው ክፍል ንኡሳን ትርጉሞች እጅግ ከመብዛታቸው የተነሣ የላቲን ፊደላት ለምልክት ስላልበቁ፣ ከመጀመሪያው ፊደል ተጀምረው እንደገና ተደገሙ።

መሪ በ1915፣ ብራድሊ በ1923 ፍጻሜውን ሳያዩ ዐረፉ። መዝገበ ቃላቱ በ1928 ሲፈጸም 414,825 ቃላትና 1,827,306 ጥቅሶች ይዞ ወጣ። ክብሩ ለአዘጋጆቹ ብቻ ሳይሆን፣ ያለ ዋጋ ላነበቡትና ስማቸው እምብዛም ለማይነሣ ሰዎችም ይገባል። በዘመናችን በተጀመረው አዲስ እርማት ደግሞ መሮጥ ማለት የሆነው «ራን» 645 ትርጉሞች ተቈጥረውለት የ«ሰት»ን የቀዳሚነት ስፍራ ወስዷል።